ባክቴሪያው ሞቶ መርዙ ሲቀር

(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ጎንደር ላይ ለጤና ባለሙያዎች፣ ለተማሪዎችና ለከተማችን ነዋሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ያልተገኛችሁ ስለጠየቃችሁኝ ከሞላ ጎደል እንደተነገረ አስቀምጬዋለሁ።)

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ የተቀመጣችሁ ድምፄ ይደርሳችኋል? እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከደባርቅና ከዳባት በሌሊት ተነሥታችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ከጭልጋ መስመርም የመጣችሁ አላችሁ። ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ የሕክምና ዓይነት ነው። ስሙ ረዘም ይላል፤ ሞኖክሎናል ፀረ እንግዳ አካል ይባላል። ስሙ አያስደንግጣችሁ። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ለጎረቤት ማስረዳት ትችላላችሁ።

ሦስት ነገር አነሣለሁ። አንደኛ፣ ባክቴሪያን መግደል ብቻውን ሰውን የማያድነው ለምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ይህ ሕክምና ከየት መጣ፣ የት ሠራ፣ የት ወደቀ? ሦስተኛ፣ እኛ እዚህ ጎንደር ላይ ምን እናድርግ? የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከአንደኛው ልጀምር።

ተማሪ ሆኜ በዋርድ ስዞር ከደምቢያ በኩል የመጣ አንድ ገበሬ ነበረ። መንጋጋ ቆልፍ ይዞታል። የተኛበት ክፍል መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። መብራት ጠፍቷል። በሩ ላይ «ድምፅ አታሰሙ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ነርሷ የምትገባው ጫማዋን አውልቃ ነው። ለምን መሰላችሁ? ኮሪደር ላይ አንድ የብረት ሳህን ወድቆ ካንኳኳ የሰውዬው ጀርባ ከአልጋው ይነሣል፣ ጥርሱ ይነክሳል፣ ትንፋሹ ይያዛል። አእምሮው ግን ንቁ ነው። ሁሉንም ይሰማል፣ ሁሉንም ያውቃል።

ታናሽ ወንድሙ ወደ ውጭ ጎትቶ አወጣኝና በሹክሹክታ እንዲህ አለኝ፦ «ዶክተር፣ እሾህ የወጋው እግሩ እኮ ድኗል። ቁስሉ ደርቋል። ታዲያ ምን ነካብኝ?»

ጥያቄው ትልቅ ጥያቄ ነው። እግሩን አየሁት፤ እውነቱን ነው፣ ቁስሉ ደርቋል። የረገጠው እሾህ ምልክቱ እንኳ በግድ ነው የሚታየው። ታዲያ ቁስሉ ድኖ ሰውዬው ለምን ይሞታል?

መልሱ መርዙ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ ራሱ ከቁስሉ ብዙም አይርቅም። እዚያው ተቀምጦ መርዝ ያመርታል። መርዙ ነው በነርቭ በኩል እየተሳበ ወደ አከርካሪ የሚወጣው። ጡንቻን «አሁን በቃህ፣ ላላ በል» የሚለውን መልእክት ይዘጋል። ጡንቻው መኮማተር ይጀምራል፣ ማቆሚያ ያጣል። አንቲባዮቲክ ስንሰጠው ባክቴሪያውን እንገድላለን። ጥሩ፣ ተጨማሪ መርዝ አይመረትም። የተመረተውን ግን አንቲባዮቲክ አይነካውም። አይነካውም!

መርዙን የሚይዘው ፀረ እንግዳ አካል ነው። ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ነጭ የደም ሴሎቻችን ያመርቱታል። እያንዳንዱ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን ሲያገኝ ይጣበቅበታል፣ አይለቅም። መርዝ ከሆነ ሴል ውስጥ እንዳይገባ ይይዘዋል። ባክቴሪያ ከሆነ ደግሞ ነጭ የደም ሴሎች መጥተው እንዲውጡት ምልክት ያደርግበታል። እናት በእትብት በኩል ለልጇ ታሳልፈዋለች፣ በመጀመሪያው ወተትም ትሰጠዋለች። እናቶቼ፣ እንገሩን «ቆሻሻ ነው» ብለው ጨምቀው የሚደፉ አሁንም አሉ። እባካችሁ አታስደፉ! ያ ቢጫ ወተት የተሞላው በዚሁ ነው።

ለዚያ ገበሬ የተሰጠው ከፈረስ ደም የተዘጋጀ ፀረ መርዝ ነበር። መጀመሪያ ትንሽ ጠብታ ቆዳው ሥር ተወጋ፣ ሰውነቱ ይቆጣ እንደሆነ ተጠበቀ። ከዚያ ሙሉው ተሰጠ። ይህ መድኃኒት የሚይዘው ገና ነርቭ ውስጥ ያልገባውን መርዝ ነው። የገባውን አያወጣም። ስለዚህ ሰዓት ወሳኝ ነው፤ ዛሬ የሚሰጠውና ነገ የሚሰጠው አንድ አይደለም። ሰውዬው ሳምንታት ተኝቶ በወንድሙ ትከሻ ተደግፎ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ክትባት ሰጡት። ይህን ልብ በሉልኝ፦ መንጋጋ ቆልፍ ታሞ የዳነ ሰው እንኳ በበሽታው ምክንያት መከላከያ አያገኝም። ክትባቱን መውሰድ አለበት።

አባ ሰንጋም እንዲሁ ነው። አባ ሰንጋን የማያውቅ እዚህ አለ? የለም። ባክቴሪያው ሦስት ፕሮቲኖች ያመርታል። አንደኛው ሴላችን ላይ ተጣብቆ መግቢያ ይከፍታል። ሁለቱ በዚያ ገብተው ያበላሻሉ። መግቢያውን የሚከፍተውን ከያዝነው ሌሎቹ ሁለቱ ደጅ ይቀራሉ። ሳይንቲስቶች ያሰቡት ይህን ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ገጠር ያደግን ሁሉ ይህን አይተናል። ላም በድንገት ወድቃ ትገኛለች። ደሟ በአፍንጫዋ ይወርዳል፣ አይረጋም። ቤተሰቡ ያዝናል፤ ላም እኮ ሀብት ናት። «ሥጋው ለምን ይባክን» ይባላል፣ ይታረዳል፣ ይከፋፈላል። ከቀናት በኋላ አራጁ እጁ ላይ የማያም ጥቁር ቁስል ይዞ ጤና ጣቢያ ይመጣል። አባቶቼ፣ በድንገት የሞተ ከብት አይታረድ! ቆዳው አይገፈፍ! በድኑ ሲከፈትና አየር ሲያገኝ ባክቴሪያው ጠንካራ ዘር ይሆናል፤ አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። የእንስሳት ሐኪም ይጠራ፣ በጥልቀት ይቀበር። የቆዳው አባ ሰንጋ በጊዜ ከተመጣ በተለመደው አንቲባዮቲክ ይድናል፤ ለዚህ ውድ መድኃኒት አያስፈልግም። ሲዘገይና መርዙ በደም ሲሰራጭ ነው ነገሩ የሚከፋው።

ወደ ሁለተኛው ልሻገር። ይህ ሕክምና ከየት መጣ?

ከአንቲባዮቲክ ይቀድማል። አዎ፣ ይቀድማል። በ1890 በርሊን ውስጥ ኤሚል ፎን ቤሪንግና ጃፓናዊው ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ አንድ ነገር አሳዩ። የመንጋጋ ቆልፍንና የዲፍቴሪያን መርዝ የለመደ እንስሳ ደም ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሌላውን እንስሳ ያድነዋል። ከዚያ ፈረሶችን መጠቀም ተጀመረ። በዲፍቴሪያ ጉሮሯቸው እየተዘጋ የሚሞቱ ሕፃናት መዳን ጀመሩ። በ1901 የመጀመሪያው የሕክምና ኖቤል ሽልማት ሲሰጥ የተሸለመው ቤሪንግ ነበር።

ለሳንባ ምችም ይሠራበት ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላስረዳ፤ በጣም የምወደው ታሪክ ስለሆነ ነው። ሳንባ ምች የሚያመጣው ባክቴሪያ ብዙ ዓይነት ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከ30 በላይ ዓይነት ተለይቶ ነበር። ለአንዱ ዓይነት የተዘጋጀው ሴረም፣ ያ ከእንስሳ ደም የሚወሰደው ፈሳሽ ማለት ነው፣ ለሌላው አይሠራም። ስለዚህ ሐኪሙ ምን ያደርጋል? የሕመምተኛውን አክታ ይወስዳል፣ ማይክሮስኮፕ ሥር ከየሴረሙ ጋር ያገናኘዋል፣ የትኛው እንደሆነ ይለያል፣ ከዚያ ትክክለኛውን ይሰጣል። ይህ ሁሉ ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን ነው! ትክክለኛውን ሴረም ለመስጠት በሽታውን በስሙ መለየት ግድ ነበር።

ከዚያ ሰልፋ የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት መጣ፣ ፔኒሲሊን መጣ። ዓይነቱን ሳይለዩ ሁሉንም የሚመታ መድኃኒት ተገኘ። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ብዙ ሕይወት አትርፏል። ሴረም ተረሳ፤ የቀረው በዋናነት ለመንጋጋ ቆልፍ፣ ለዲፍቴሪያ፣ ለእባብና ለእብድ ውሻ ንክሻ ሆነ። ከሴረም ጋር ግን ሌላም ነገር ተረሳ፦ ከማከም በፊት ባክቴሪያውን በስሙ የማወቅ ልማድ። በእኔ እምነት ዛሬ የምንከፍለው ዋጋ ከዚያ ይጀምራል። በ2019 በዓለም ላይ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ተገምቷል። እነ አሞክሳሲሊን እንኳ እጅ የሰጡባቸው፣ አንዳንዴም ለከባድ ኢንፌክሽን የሚቀመጠው ሜሮፔኔም የማይመልሳቸው ባክቴሪያዎች አሉ።

አሁን ሞኖክሎናል የሚለው ቃል ላይ ደረስን። የፈረስ ሴረም ሰርገኛ ጤፍ ማለት ነው። ነጩም ቀዩም ተደባልቆበታል፤ የምንፈልገው ፀረ እንግዳ አካል አለበት፣ የማንፈልገውም ብዙ አለበት። ሞኖክሎናል ግን ከአንዲት ዘር ብቻ የተባዛ ማኛ ነው። እያንዳንዷ ቅንጣት አንድ ዓይነት ናት።

ይህ የተቻለው በ1975 ነው። እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ውስጥ ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልስታይን ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርተውን ሴል መባዛት ከማያቆም የካንሰር ሴል ጋር አዋሃዱት። አንዱ ማምረት ያውቃል፣ ሌላው አይሞትም። የተገኘው ሴል ያንኑ አንድ ፀረ እንግዳ አካል ያለማቋረጥ ያመርታል። በ1984 ከኒልስ የርነ ጋር ኖቤል ተሸለሙ። ዘዴውን የፓተንት ባለቤትነት አልጠየቁበትም። ተማሪዎች፣ ይህን አስታውሱት፤ ግማሹ የዛሬው የመድኃኒት ዓለም የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ለካንሰርና ለመገጣጠሚያ ሕመም ብዙ ሞኖክሎናል ሲወጣ ለባክቴሪያ ለምን ጥቂት ሆነ? ደግ ጥያቄ ነው።

የተሳካውን ልንገራችሁ። ያ የአባ ሰንጋ መግቢያ ከፋች ፕሮቲን ትዝ ይላችኋል? እሱን የሚይዝ ራክሲባኩማብ የሚባል ሞኖክሎናል በ2012 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። በ2016 ኦቢልቶክሳክሲማብ ተከተለው። ሁለቱም በትንፋሽ ለሚገባው አባ ሰንጋ ነው፣ ከአንቲባዮቲክ ጋር አብሮ የሚሰጥ። ሰውን አውቆ አባ ሰንጋ ማስያዝ ስለማይቻል ፈዋሽነቱ የተፈተነው በእንስሳት ላይ ነው፤ በሰው ላይ የተፈተነው ደኅንነቱ ነው። በዚያው በ2016 ቤዝሎቶክሱማብ ተፈቀደ። ይህ አንቲባዮቲክ ብዙ ከወሰዱ በኋላ ለሚመጣ ከባድ የአንጀት ኢንፌክሽን ነው፤ ባክቴሪያው ክሎስትሪዲዮይድስ ዲፊሲል ይባላል። ታክሞ ከዳነ በኋላ እየተመለሰ ያስቸግራል። በጥናቶቹ መድኃኒቱን ካላገኙት 27 ከመቶ ያህሉ ሲያገረሽባቸው፣ ካገኙት ግን 17 ከመቶ ያህሉ ነበሩ። ቀላል ለውጥ አይደለም። ግን አንዱ መጠን አሜሪካ ውስጥ ከ3 ሺህ ዶላር በላይ ያስከፍል ነበር። በ2025 መጀመሪያ አምራቹ ማቅረቡን አቆመ። የሚሠራ መድኃኒት ከገበያ ወጣ። ይህ ያስቆጫል! በጣም ያስቆጫል።

የወደቀውንም ልንገራችሁ፤ ከወደቀው የምንማረው ይበዛል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሴንቶክሲን የሚባል ሞኖክሎናል መጣ። ኢንፌክሽን በደም ተሰራጭቶ ሰውነት ሲናጋ፣ ሴፕሲስ የምንለው ማለት ነው፣ ግራም ነጋቲቭ ከሚባሉት ባክቴሪያዎች ሽፋን የሚወጣውን መርዝ ይይዛል ተባለ። በ1991 አውሮፓ ውስጥ ተፈቀደ። አሜሪካኖች ተጨማሪ ጥናት ጠየቁ። ጥናቱ ተሠራ፤ መሐል ላይ ቆመ። ለምን? ያ ዓይነት ባክቴሪያ ደማቸው ውስጥ ያልተገኘባቸው ሕመምተኞች መድኃኒቱን ሲያገኙ የሞት ቁጥራቸው ከፍ ብሎ ታየ። በ1993 ከገበያ ተነሣ።

አያችሁ? ሰውዬው በጠና ታሟል። ሐኪሙ ይቸኩላል። የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ ገና አልታወቀም። መድኃኒቱ ግን የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው። ባክቴሪያው ሌላ ከሆነ ምን ሊያደርግለት ነው? ከዚያ ወዲህ ስታፊሎኮከስ በሚባለው ባክቴሪያና በሌሎችም ላይ ብዙ ተሞክሯል። ብዙዎቹ የታሰበውን ያህል አላሳዩም። አንዱ ትልቅ እንቅፋት ይኸው ነው፦ ትክክለኛው መድኃኒት ለትክክለኛው ሰው በትክክለኛው ሰዓት አለመድረሱ። ሌላው ደግሞ ባክቴሪያው አንድ መርዝ ብቻ የሌለው መሆኑ ነው፤ አንዱን ብትይዙበት በሌላው ይመጣል።

ሦስተኛው፣ ወደ ቤታችን ልመለስ።

ይህች ከተማ ለሕዝብ ጤና እንግዳ አይደለችም። በደምቢያ ወባ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው እዚሁ ነው። ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች አብረው ተምረው አብረው ወደ ገጠር የወጡት ከዚህ ነው። ያ ትውልድ የተላከው ችግሩ ወዳለበት ነበር። ዛሬ ችግሩ ያለው የት ነው?

እኔን ጠይቁኝ፤ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው እላችኋለሁ። ክሌብሲየላ የሚባል ባክቴሪያ አለ። በአፍሪካ ሆስፒታሎች የተወለዱ ሕፃናትን ደም በመመረዝ ከሚገድሉት ዋነኞቹ አንዱ ነው። ብዙ መድኃኒት ለምዷል። አንዲት እናት የልጇን እግር በሁለት ጣቷ ይዛ ሙቀት መስጫው አጠገብ ቆማ አይቻለሁ። ሁለተኛው መድኃኒት ተቀይሮ ሦስተኛው ተጀምሯል። ሐኪሙ የሚመርጠው በግምት ነው፤ የካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ከናሙና አሳድጎ የሚለየው ምርመራ፣ ውጤት የለም። ግብዓት ስላለቀ ናሙናው አልተወሰደም። እሷ ይህን አታውቅም። «አዲሱ መድኃኒት ይሻል ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? የልጇን በሽታ በስሙ የሚያውቀው ሰው አልነበረም።

ለክሌብሲየላ ፀረ እንግዳ አካል ለመሥራት የሚደክሙ ተመራማሪዎች አሉ። የባክቴሪያው ሽፋን ብዙ ዓይነት ስለሆነ ሥራው ከባድ ነው። ግን ተስፋ አለ የምለው በባዶ ሜዳ አይደለም። አርኤስቪ በሚባል ቫይረስ ምክንያት ሳንባቸው የሚታመም ሕፃናት አሉ። ለእነሱ አንድ ጊዜ የሚወጋ፣ ለወራት የሚቆይ ሞኖክሎናል በአውሮፓና በአሜሪካ ሥራ ላይ ውሏል። ለጨቅላ ሕፃን መስጠት ይቻላል ማለት ነው። ዋጋውስ? ህንድ ለእብድ ውሻ በሽታ የሚሆን ሞኖክሎናል በራሷ ፋብሪካ ታመርታለች። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 መመሪያው በሚገኝበት ቦታ ከፈረስና ከሰው ደም በሚዘጋጀው ፈንታ እንዲሠራበት አበረታቷል። ቻይና ደግሞ በ2025 ለመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ የሚሆን ሞኖክሎናል ፈቅዳለች። ከፈረስ ደም የጀመረው ሕክምና ፈረስ የማያስፈልገው ዘመን ላይ ደርሷል። ሀብታም ብቻ ነው የሚሠራው የሚባለው ነገር ቀርቷል።

ግን፣ ወገኖቼ፣ መድኃኒቱ ነገ ጠዋት በነፃ አዘዞ አየር ማረፊያ ቢራገፍ ልንጠቀምበት እንችላለን? ይህን ጥያቄ በቅንነት እንመልሰው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል፤ መብራት ይጠፋል። ይህ እንኳ ቀላሉ ነው፤ ክትባት በዚሁ መንገድ መተማ ድረስ ይደርሳል። ዋናው ላቦራቶሪው ነው። ላቦራቶሪው መቅደም አለበት። ደግሜ ልበለው፤ ላቦራቶሪው መቅደም አለበት!

ስለዚህ ዛሬ የምለምናችሁን ልናገር። እናንተ ሐኪሞችና ነርሶች፣ በጠና ለታመመ ሰው የመጀመሪያውን አንቲባዮቲክ ከመውጋታችሁ በፊት፣ ካልቸር ባለበት ቦታ ሁሉ፣ ደም ውሰዱ። መድኃኒቱን ለዚያ ብላችሁ አታዘግዩ፤ ግን ደሙ ይቅደም። ከተወጋ በኋላ የተወሰደ ደም ብዙ ጊዜ ባክቴሪያውን አያሳይም። እናንተ የላቦራቶሪ ልጆች፣ ማንም ባያመሰግናችሁም የምትጽፉት ያ አንድ መስመር የሰው ሕይወት ነው፤ በግልጽ ጻፉት፣ በስልክም ቢሆን ለዋርዱ አድርሱት። እናንተ የሆስፒታል ኃላፊዎች፣ በጀት ስትሠሩ የካልቸር ብልቃጥ ከመጨረሻው ረድፍ ወደ መጀመሪያው ይውጣ። አልጋ ስትቆጥሩ እሱንም ቁጠሩት።

እናቶቼና አባቶቼ፣ እናንተ ደግሞ ያለ ሐኪም ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ አትግዙ። ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን ለልጅ አትስጡ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ለእርጉዝ ሴት ብቻ አይደለም፤ እርሻ ላይ ለሚውለው ወንድ ጭምር ነው። ሐኪም «ላቦራቶሪ ምን አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ አይቆጣም። ጠይቁ። «የልጄ በሽታ ስሙ ታውቋል?» በሉ። ያቺ እናት ይህን ብትጠይቅ ኖሮ ምናልባት አንድ ሰው ብልቃጥ ፍለጋ ይሮጥ ነበር።

ተማሪዎች፣ ባዮቴክኖሎጂ የምታጠኑ እጃችሁን አውጡ እስቲ። ብዙ ናችሁ! ይህ ሥራ የእናንተ ነው። በእኛ ሆስፒታሎች ያለው ክሌብሲየላ የትኛው ዓይነት እንደሆነ በዝርዝር የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል። ሌላ አገር የሚሠራ መድኃኒት የእኛን ዓይነት እንዲያካትት ከተፈለገ የእኛ መረጃ ቀድሞ መድረስ አለበት። ለዚህ ሥራ ትልቅ ፋብሪካ መጠበቅ አያስፈልግም። ማቀዝቀዣ፣ መዝገብና የሚታመን እጅ ይበቃል፤ ነገ መጀመር ይቻላል።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፣ አስተባባሪያችን ምልክት እየሰጡኝ ነው። ስለ ዋጋና ስለ ክትባት በወረቀት የላካችሁልኝን ጥያቄዎች ይዣለሁ፤ ከፊት የተቀመጡት እናቴ ቀድመው እጃቸውን አውጥተዋል፣ ከእሳቸው እንጀምር። ማይኩን ይስጧቸው፤ አመሰግናለሁ።